አጼ ምኒልክና የጋምቤላ የኪራይ ውል

ስለ አጼ ምኒልክ ስናወራ ከአድዋ እንጀምራለን፣ እዚያው አድዋ ላይ እንጨርሳለን። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ተደራዳሪው ምኒልክ ነው። እሳቸውን በደንብ የሚያሳየን ቦታ ደግሞ ከአድዋ በጣም ይርቃል፤ ባሮ ወንዝ ዳር ያለችው ጋምቤላ ናት።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ወስደው አስቀመጧቸው፤ አስር ዓመት ያህል እዚያ ኖሩ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። ከዚያ ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እያሰፉ ቆይተው በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫኑ።

ጊዜው አውሮፓውያን አፍሪካን የሚቃረጡበት ነበር። ምኒልክም ዝም ብለው አላዩም። በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ ድንበራቸውን እስከ ካርቱምና እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ አደረሱት። በዛ አይደል? ግን መርካቶ ገብቶ የተከራከረ ሁሉ እንደሚያውቀው የመጀመሪያው ዋጋ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ነው የሚጠራው።

ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1890 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች ተሰማ ናደው የመሩት ዘመቻ ሶባት ከነጭ አባይ ጋር እስከሚገናኝበት ደረሰ። ሰንደቅ ዓላማም ተተከለ። ነገር ግን ወባውና ረግረጉ ሠራዊቱን ጎዳው፤ ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። በጥቂት ወራት ውስጥ ደግሞ እንግሊዞች ካርቱምን ያዙ፣ ፈረንሳዮችንም ከፋሾዳ አስወጡ። በነጭ አባይ ላይ ምኒልክን ከእንግሊዝ ጋር የሚያመዛዝን ሌላ ኃይል አልቀረም።

እናም ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከእንግሊዙ ተወካይ ከሃሪንግተን ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ። በዚህ ውል የኢትዮጵያ ይዞታ ከነጭ አባይ አፈግፍጎ ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ተከተለ። ስለ አባይ ውኃ ስንከራከር ስሙ የሚነሳው ውልም ይኸው ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን አራተኛው አንቀጽ ነው። ምኒልክ ኢታንግ አካባቢ፣ ባሮ ዳር፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ አከራዩ። የወንዝ ዳሩ ርዝመት ከ2,000 ሜትር አይበልጥም። ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ መጠቀም ክልክል ነው። ኪራዩ የሚቆየውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው። ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ሰው ነኝና ይሄን አንቀጽ ሳነብ የሚታየኝ ንብረቱን ያልሸጠ አከራይ ነው።

ጣቢያው በመጨረሻ የቆመው ጋምቤላ ላይ ነው። በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጣሉ። ከጎሬና ከወለጋ በኩል የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና ለዓመታት በዚህ በር ወጣ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ የኪራዩን መጨረሻ አላዩም። ጣሊያን ጋምቤላን ያዘ፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከቤልጂየም ኮንጎ የመጣ ጦር አስለቀቀው፤ ጣቢያውም ወደ ሱዳን አስተዳደር ተመለሰ። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ግን የውሉ ቅድመ ሁኔታ ተሟላ። በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ያለ ጦርነት ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ጠመንጃ ያላስያዘውን ነጭ አባይን ብንተወው፣ ባሮ ዳር ያለችውን ከተማ ያስመለሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ውሉን ማድነቅ ግን አንድ ነገር ሊያስረሳን አይገባም። ስልካችሁ ላይ ካርታ ከፍታችሁ ባሮንና አኮቦን ተመልከቱ። በወንዞቹ በዚህም በዚያም የሚኖሩት አኙዋኮችና ኑዌሮች ናቸው። ዓሣ የሚያጠምዱበት፣ ከብት የሚያጠጡበት፣ በታንኳ ተሻግረው ዘመድ የሚጠይቁበት ውኃ ነው በአንድ ፊርማ የሁለት አገር ወሰን የሆነው። አዲስ አበባ ላይ ሲፈረም የጠየቃቸው አልነበረም። ዛሬም ድንበር ተሻግሮ የሚዘረፍ ከብት፣ የሚሸሽ ስደተኛ፣ የማን ነህ የሚባል ወጣት ሲያጋጥም መነሻው በከፊል እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ለእኔ የምኒልክ ትልቅነትም ጉድለትም እዚሁ ውል ውስጥ ይታያል። ከኃያል መንግሥት ጋር ሲደራደሩ መውጫ በር ማስቀመጥ ያውቁ ነበር። በራሱ በወንዙ ዳር ለሚኖረው ሰው ግን የድርድር ወንበር አላስቀመጡም። ወደፊት ስለ ድንበር የሚደራደር ከእኛ ትውልድ የሚወጣ ሰው የመጀመሪያውን ይማርላቸው፣ ሁለተኛውን ያርምላቸው።