ማይክል ፋራዳይና በንክኪ የሚፈነዳው ውህድ

ማይክል ፋራዳይ በይበልጥ የሚታወቀው እ.ኤ.አ በ1831 በመግነጢስ አማካይነት ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደሚቻል በማሳየቱ ነው። ወደ ሳይንስ ደጃፍ ያቀረበው ግን የፍንዳታ አደጋ ነበር።

በ1791 በለንደን አቅራቢያ ከብረት ቀጥቃጭ አባት ተወለደ። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመልመድ ገባ፤ የሚጠርዛቸውንም መጻሕፍት ያነብ ነበር። በ1812 የእውቁን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርታዊ ንግግሮች በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተከታተለ።

በዚያው ዓመት ዴቪ ናይትሮጅን ትራይክሎራይድ የተባለውን ውህድ ሲመረምር ፈንድቶ ዓይኑን ጎዳው። ውህዱን ያገኘው ፈረንሳዊው ፒየር ዱሎንግም ቀደም ሲል አንድ ዓይኑንና ጣቶቹን አጥቶበታል። ዴቪ መጻፍ ሲሳነው ፋራዳይ ለጥቂት ቀናት ጸሐፊ ሆነለት፤ በመጋቢት 1813 ደግሞ በቤተ ሙከራው ረዳትነት ተቀጠረ።

ባሩድ እሳት እስኪነካው ይቆያል፤ ይህ ቢጫ ፈሳሽ ግን እሳት አይጠብቅም። የናይትሮጅንና የክሎሪን አቶሞቹ የተያያዙት በላላ ትስስር በመሆኑ ጥቂት ሙቀት፣ ብርሃን ወይም ንክኪ ይበትናቸዋል። የተለያዩት የናይትሮጅን አቶሞች እርስ በርስ በጽኑ ሲጣመሩም ከፍተኛ ኃይል በቅጽበት ይለቀቃል። ፋራዳይ ሥራ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመስታወት ጭንብል አጥልቆ እንኳ ከጉዳት አልዳነም፤ በጣቶቹ የያዘው ቱቦ ፈንድቶ እጁን አቆሰለው፣ ከጥፍሩም ከፊሉን ነቀለ።

በ1844 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በሃስዌል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ፍንዳታ 95 ጎልማሶችና ታዳጊዎች ሞቱ። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆችን ከመሬት በታች ማሠራት የተከለከለው ገና ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። መንግሥት ፋራዳይንና የሥነ ምድር ሊቁን ቻርልስ ላየልን ለምርመራ ላከ። ፋራዳይ በማዕድኑ ውስጥ ሻማ አጠገቡ እየነደደ ባሩዱ የት እንደሚቀመጥ ሲጠይቅ፣ የተቀመጠበት ከረጢት ራሱ ባሩድ መሆኑ ተነገረው። ቸልተኝነቱ የዚያን ያህል ነበር። ሁለቱ መርማሪዎች ከጋዙ ሌላ የከሰሉ ብናኝም ፍንዳታውን እንዳባባሰ በዘገባቸው ገለጹ፤ ሰሚ ግን ብዙም አላገኙም።

ፋራዳይ የራሱ ልጆች አልነበሩትም። ሆኖም ከ1827 አንስቶ በገና ሰሞን ለልጆች 19 ዙር ትምህርት ሰጥቷል። በ1860 የጀመረው የመጨረሻው ዙር ስለ ሻማ ነበር፤ ምናልባትም ከሥራዎቹ ሁሉ በልጆች ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ይኸው ነው። በዚያ ትምህርት ጥቂት ባሩድና ፈንጂ ጥጥ ጎን ለጎን አኑሮ በጋለ ሽቦ ነካቸው። ጥጡ ወዲያው ነደደ፣ ባሩዱ ግን ባለበት ቀረ። የአንዱ ቁስ ትዕግሥት ከሌላው እንደሚለይ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ሆነው አዩ፤ ሽቦውን የያዘው ግን እርሱ ነበር። በ1867 በ75 ዓመቱ አረፈ።