አባ ኖሌና የሀዋሳ ሐይቅ

የዓመት መጽሐፋችን አዘጋጆች የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፍ ሲሉኝ የአገር ጀግና ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ የመረጥኩት ግን ከሞተ ከ250 ዓመት በላይ የሆነውን ፈረንሳዊ ዣን አንቷን ኖሌን ነው። በዘመኑ አውሮፓ የሚያውቀው በኤሌክትሪክ ትርኢቱ ነበር። እኔን ወደ እሱ የመራኝ ደግሞ ሐይቃችን ነው፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

ኖሌ እ.ኤ.አ. በ1700 ከፓሪስ በስተሰሜን በምትገኝ አንዲት የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ጭንቅላት ያለው የድሃ ልጅ ያኔ እዚያም እንደ እኛው አገር መንገዱ ቤተ ክህነት ነበር። ፓሪስ ወርዶ ነገረ መለኮት ተማረ፣ ዲቁናም ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ልቡ ወደ መስታወትና ወደ ናስ ሸፈተ፤ አባ የሚለው መጠሪያ ብቻ እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ቆየ። በጊዜው ስመ ጥር ከነበሩት ከዱ ፌና ከሬኦሚር ዘንድ ገብቶ ሠራ። የእጅ ባለሙያ ነበር፤ የሙከራ መሣሪያዎቹን ራሱ እየሠራ ለሌሎችም ይሸጥ ነበር። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፦ የላብራቶሪ ዕቃ ከውጭ እስኪገባልን ሴሚስተሩ የሚያልቅብን እኛ ብዙ የምንማርበት ሰው ነው።

በ1746 የላይደን ጠርሙስ የሚባለው ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ አዲስ ወሬ ነበር። ኖሌ በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ፊት 180 የክብር ዘበኞችን እጅ ለእጅ አያይዞ ኤሌክትሪኩን ለቀቀባቸው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘለሉ። ቀጥሎ ደግሞ መነኮሳትን በሽቦ አያይዞ ያንኑ ደገመው። ቤተ መንግሥቱ ተደሰተ፣ ስሙም ገነነ። መነኮሳቱ ምን እንደተሰማቸው እንጃ።

ዛሬ እሱን የሚያስነሳኝ ሥራ የተሠራው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ያለ ምንም ተመልካች ነው። በ1748 ኖሌ የሚያጠናው ፈሳሾች ለምን እንደሚፈሉ ነበር። አልኮል የሞላበትን ብልቃጥ አፉን በእንስሳ ፊኛ አስሮ (የአሳማ ነበር ይባላል፣ ይቅርታ ይደረግልኝ) አየር እንዳይደርስበት ውሃ ውስጥ ዘፈቀው። ከሰዓታት በኋላ ሲመለስ ፊኛው ተወጥሮ እንደ ከበሮ ሆኗል። በመርፌ ቢወጋው ፈሳሹ ከአንድ ጫማ በላይ ወደ ላይ ተፈናጠረ። ውሃው በፊኛው በኩል ሰርጎ ገብቶ ኖሯል! ኖሌ በመገረም ብቻ አላለፈውም። ገልብጦ ሞከረው፤ ውሃውን ከውስጥ፣ አልኮሉን ከውጭ አደረገ። አሁን ፊኛው ወደ ውስጥ ጎበጠ። ፊኛው ውሃን በቀላሉ ሲያሳልፍ አልኮልን ይይዛል ማለት ነው። ይህን ስለ መፍላት በጻፈው ጥናት ውስጥ አስፍሮ ወደ ኤሌክትሪኩ ተመለሰ። ነገሩ ኦስሞሲስ የሚለውን ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

በ1753 ፓሪስ በሚገኘው የናቫር ኮሌጅ የሙከራ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ለፈረንሳይ የመጀመሪያው ነበር፤ ትምህርቱን የሚከታተለውም ሰው ብዙ ነበር። በዚያው ዓመት የቤንጃሚን ፍራንክሊንን የኤሌክትሪክ ሐሳብ በጽሑፍ መሞገት ጀመረ። በመጀመሪያማ ፍራንክሊን የሚባል ሰው መኖሩንም ተጠራጥሮ ነበር፤ ጠላቶቹ የፈጠሩት ስም መስሎት። ክርክሩን እስከ መጨረሻው አልተወም፣ አላሸነፈም። በ1770 ሲሞት ዕድሜ ልኩን የተሟገተለት ሐሳብ እየተረሳ፣ በአንድ ጥግ የጻፋት የፊኛዋ ነገር ግን ሳትነካ ተቀምጣ ነበር።

ኖሌ ያየው ውሃው በራሱ ፈቃድ ሲሄድ ነው። ያን ጉዞ በግፊት ወደ ኋላ መመለስ ቢቻልስ? ጨዋማውን ወገን በኃይል ሲጫኑት ንጹሕ ውሃ በሜምብሬኑ አልፎ ይወጣል፣ ጨው ይቀራል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ይኸው ነው። ለባሕር ውሃ ከ50 ባር በላይ ግፊት ይፈልጋል፤ የመኪናችሁ ጎማ ከ2 እስከ 3 ባር ነው የሚይዘው። የቀድሞዎቹ ሜምብሬኖች ጨውን ቢይዙም ውሃ የሚያሳልፉት በጠብታ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲድኒ ሎብና ሕንዳዊው ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ላዩ እጅግ ስስ፣ ታቹ ቀዳዳማ የሆነ ሜምብሬን ሠሩ፤ ውሃው እንደ ልብ ማለፍ ጀመረ። በ1965 ኮሊንጋ የምትባለው የካሊፎርኒያ ከተማ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃዋን በዚሁ አጣርታ መጠጣት ቻለች።

አሁን ወደ ቤታችን። ሐይቃችን ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ፀሐይ የምታተነው ውሃውን ብቻ ነው፤ የሟሟው አብሮት አይተንም። ጥጥ ሲቀለም ደግሞ ቀለሙ ክሩን እንዲይዝ ብዙ ጨው ይጨመራል። በተለመደው ማጣሪያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሌላውን ቆሻሻ ይበላሉ፣ ጨው ግን አይበሉም። ስለዚህ በ2016 የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ፍሳሹን ወደ ውጭ የማይለቅ፣ በቀን 11 ሚሊዮን ሊትር የሚያስተናግድ ማጣሪያ ተሠራለት። ፍሳሹ መጀመሪያ በባክቴሪያ ይታከማል፣ ቀጥሎ በሜምብሬን ያልፋል። የጠራው ውሃ ወደ ፋብሪካዎቹ ይመለሳል፤ የቀረው ጨዋማ ፈሳሽ ደግሞ ደረቅ ጨው እስኪሆን ይተናል።

ሥራው ግን ሲመረቅ የሚያልቅ ዓይነት አይደለም። ፓምፖቹ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ ሜምብሬኑ በቆሻሻ ይደፈናል፣ ይታጠባል፣ ሲያረጅ በውጭ ምንዛሪ ይተካል። የኬሚስትሪና የውሃ ምሕንድስና ክፍሎቻችን ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ ይህን ቢሰጡት ደስ ይለኛል፦ የተደፈነ ሜምብሬን ላይ የተጋገረው ምንድን ነው? በምንስ ይለቃል? ለዚህ የሚሆን ትንሽ መሞከሪያ እዚሁ በወርክሾፓችን መሥራት ይቻላል።