ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፦ ሰዋስው የጻፈው ልብ ወለድ ደራሲ

ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ የተማረ ሰው ዘጌን አያጣትም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቡናዋንና የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ሁላችንም እናስታውሳለን። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ ከዚያች ምድር መውጣቱን ግን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። ከመካከላችን ድርሰት የሚሞክሩ አሉና፣ ልብ ወለድ ሕግ አለው ወይ ለሚለው የዘወትር ክርክርም የእሳቸው ሕይወት ጥሩ መነሻ ነው።

ነጋድራስ አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1868 ዘጌ ተወለዱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዘጌ ሥርዓት የምታከብር አገር ናት፤ በትውፊት ከአቡነ በትረ ማርያም ዘመን ጀምሮ በበሬ አይታረስባትም። አፈወርቅም በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው፣ በ1887 ሥዕል ሊማሩ ወደ ጣልያን ሄዱ።

ቆይተው ናፖሊ ላይ አማርኛ አስተማሩ። ቋንቋን ለባዕድ ማስተማር እኮ ቀላል አይደለም። እኛ ሳናስበው የምንናገረውን፣ ለምን እንዲያ እንደሚባል ማስረዳት ይጠይቃል። እሳቸውም በ1905 የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1911 ደግሞ ስለ አማርኛ ግሥ ሌላ መጽሐፍ በጣልያንኛ አሳተሙ። እንግዲህ ሕግ የማያውቁ ሰው አልነበሩም።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ በ1908 ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለች ቀጭን መጽሐፍ አወጡ። ኋላ «ጦቢያ» የተባለችው ናት። በአማርኛ ከእሷ በፊት የሚመስላት አልነበረም። ነገሥታቱ ዜና መዋዕል፣ ቅዱሳኑ ገድል፣ ሕዝቡም ተረት ነበረው፤ ረጅም የፈጠራ ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ የሚናገር መመሪያ ግን የለም። አፈወርቅ መመሪያው እስኪመጣ አልጠበቁም። ከገድሉም፣ ከተረቱም፣ አውሮፓ ካነበቡትም ቀላቅለው ጻፉ።

ታሪኩ የመንትዮቹ የዋህድና የጦቢያ ነው። የጦር አለቃ የነበረው አባታቸው ሲማረክ አንድ ደግ ነጋዴ ማስለቀቂያውን ይሰጣል። ዋህድ ውለታውን ሊመልስ ሲወጣ ይጠፋል፤ ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትነሣለች። ዛሬ አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ቢያርመው በቀይ ቀለም ይሞላዋል፦ አጋጣሚው በዛ፣ ደጉ በጣም ደግ ነው፣ ዘመኑና ቦታው አልተነገረም፣ ደራሲው ይሰብካል። እርማቱም ትክክል ነው። ግን መጽሐፉ አልሞተም። ያቆየው አማርኛው ነው፤ ቃሉ ቃልን እየጠራ እንደ ወራጅ ውኃ ይሄዳል። እንዲያውም ዛሬ የዘርፉ መጠሪያ የሆነው ልብ ወለድ የሚለው ቃል ከዚያው ርእስ የመጣ ነው። ሕጉ ቀርቶ ስሙ እንኳ ከሥራው በኋላ ነው የተከተለው።

ከእሳቸው በኋላም ነገሩ ያው ነው። ዳኛቸው ወርቁ የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ ያዘጋጁ ሰው ናቸው፤ «አደፍርስ» በተሰኘው ልብ ወለዳቸው ግን የተለመደውን አተራረክ ያፈረሱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የቱ ጋ ሊተወው እንደሚችል ያውቃል።

የአፈወርቅ ቀሪ ሕይወት ግን ለመናገር ይከብዳል። አገር ቤት ተመልሰው በድሬዳዋ ጉምሩክ፣ በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት፣ ኋላም በሮም የመንግሥት እንደራሴ ሆነው አገለገሉ። ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን ስትወርር ግን ከወራሪው ጋር ቆሙ። ከነፃነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው፣ በ1947 እዚያው አረፉ። የአገሩን ስም ለጀግናዋ የሰጠ ሰው አገሩን ሲከዳ ማየት ያማል። ታዲያ ደራሲ ክፉ ከሠራ መጽሐፉ አይነበብ የሚል ሕግ ይውጣ? አንባቢው ይህንን ሕግ አላወጣም። ክህደቱን ሳይረሳ «ጦቢያ»ን ማንበቡን ቀጠለ። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይቻላል።

ድርሰት የጀመራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ስለ አጻጻፍ የተጻፈውን መመሪያ አንብቡ፤ አይጎዳም። በአማርኛችሁ ላይ ግን አትቀልዱ፤ ግሡንም፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩንም፣ የሰፈሩን ወሬም አጥኑ። የታሪኩን ቅርጽ ሌላ ሰው እስኪፈቅድላችሁ አትጠብቁ።