ከባሕር የተመለሰችው መምህርት፦ አስቴር ጋኖ

 

ባለፈው የቁጠባ ስብሰባችን የተነሣውን ክርክር፣ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የፊደል ትምህርቱ ይቀጥል ወይስ ለእርሱ የሚወጣው ገንዘብ ወደ ብድሩ ይዙር የሚል ነበር። የብድር ጥቅም ቶሎ ይታያል። በግ ይገዛበታል፣ ምጣድ ይገዛበታል፣ ጉልት ይወጣበታል። ፊደል ግን ወራት ይፈጃል፤ ተምራ ጨርሳም ምን አተረፍኩ የምትል አትጠፋም። በመካከል ከታላላቆቻችን አንዷ ተነሡና ለሌላ ሰው የሚያካፍሉት እውቀት እንደሌላቸው፣ የሚያውቁትም ከእናታቸው ወፍጮ ሥር የሰሙትን ተረትና ዘፈን ብቻ እንደሆነ ተናግረው ተቀመጡ። ማንም አልመለሰላቸውም። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ራት ሳቀራርብ ግን አስቴር ጋኖ ትዝ አለችኝ።

ስሟን የምታውቁት ብዙ ናችሁ፤ በተለይ ወለጋ ያደጋችሁ። ለማታውቋት ታሪኳን ላውጋችሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

አስቴር የተወለደችው በ1874 ገደማ ነው። የኦሮሞ ልጅ ናት፤ ስትወለድም ነጻ ነበረች። ገና በልጅነቷ ግን የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። በዚያ ዘመን ከጊቤ አገሮች የሚነሣው የባሪያ ነጋዴ መንገድ እስከ ቀይ ባሕር ይዘልቅ ነበር። ልጅ እንደ ቡናና እንደ ዝባድ በገበያ ይሸጥ ነበር። እርሷም በዚያ መንገድ ባሕሩ ዳር ደረሰች። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ተወስዳ ልትሸጥ በጀልባ ተጫነች። ዕድሜዋ ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ሴት ልጅ ያላት እናት ይህን ቁጥር ስታነብ ልጇን ዞር ብላ ታያለች፤ እኔም አይቻለሁ።

ጀልባዋ ግን ዓረብ አገር አልደረሰችም። የጣሊያን መርከብ ባሕሩ ላይ አገኛትና የተጫኑትን ነጻ አወጣ። ጣሊያኖች ምጽዋን የያዙት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ የሰው አገር ሊይዙ የመጡ ሰዎች የሰው ልጅ ከሰንሰለት አወጡ። ታሪክ እንዲህ የተደባለቀ ነው፤ ማጥራት አይቻልም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በዚህ መጽሔት ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን የጻፉትን አንብበናል። የእነርሱ ነገር ከአስቴር ጋር አንድ ነው አልልም፤ ሠርቶ ለማደር ፈቅዶ መሄድና ተሽጦ መሄድ ይለያያል። ባሕሩ ግን ያው ባሕር ነው። ከእዚያ ማዶ ባዶ እጅ ተመልሶ፣ አሁን ምን ይዤ ልነሣ ማለትም ያው ነው።

ከመርከቡ የወረዱት ልጆች ከምጽዋ አጠገብ ወዳለችው እምኩሉ ተወሰዱ። በዚያ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረው። ስዊድናውያኑ ምጽዋ የደረሱት በ1866 ሲሆን፣ ከመጀመሪያው የተነሡት ወደ ኦሮሞ አገር ለመሄድ ነበር። መንገዱ እምቢ አላቸው። ወባ ገደላቸው፣ ገዢዎች ከለከሏቸው፣ የላኳቸውም መልእክተኞች ሳይደርሱ ተመለሱ። ሃያ ዓመት ሙሉ መሄጃ ሲፈልጉ፣ የኦሮሞ ልጆች ራሳቸው በባሪያ ነጋዴ ጀልባ ደጃፋቸው ድረስ መጡ።

በእምኩሉ አስቴር አንድ ሰው አገኘች። ኦኔሲሞስ ነሲብ ይባላል። እርሱም የኢሉባቦር ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። በልጅነቱ የወጣለት ስም ሂካ ሲሆን፣ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ክርስትና ሲነሣ የወሰደው ስም ደግሞ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለት የዚያ ባሪያ ስም ነው። በስዊድን አገር ተምሮ ተመልሶ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስን በሕዝቡ ቋንቋ የመተርጎም ሥራም ይዞ ነበር።

ሥራው ግን አንድ ትልቅ ችግር ነበረበት። ኦኔሲሞስ ከእናቱ ጉያ የተወሰደው በልጅነቱ ነው። ልጅ ውሃ፣ እሳት፣ ላም፣ እናት ማለት ያውቃል። ጽድቅን፣ ኪዳንን፣ ምሕረትን፣ ዕርቅን በእናቱ ቋንቋ ከየት ያመጣል? ሽማግሌ ሲዳኝ አልሰማ፣ ሠርግ ላይ ሲዘፈን፣ ለቅሶ ላይ ሲገጠም አልሰማ። ከዚያ በኋላ የኖረው በሌሎች ቋንቋዎች ነው። ተማረ፣ ቋንቋም አበዛ፤ የጎደለው ግን የቤቱ ቋንቋ ነበር።

አስቴር ያንን ይዛ መጣች። ስትሰረቅ ትልቅ ልጅ ነበረች፤ የቤቷ ቋንቋ ሙሉውን በአፏ ላይ ነበር። ከጊቤ እስከ ባሕር ድረስ ልብሷን፣ ስሟን፣ ዘመዷን ወስደውባታል። ቋንቋዋን ግን ነጋዴው አልፈለገውም፤ ምን ያደርግለታል?

ፊደል ቆጥራ ማንበብና መጻፍ እንደቻለች ኦኔሲሞስ ተሰጥኦዋን አየ። ለእርሱ ክብር መስጠት ያለብን እዚህ ላይ ነው፤ የተማረ ሰው ሆኖ ከአንዲት ልጅ ቃል ለመጠየቅ አላፈረም። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራው ለእርሷ ተሰጣት። እንግዲህ አስቡት፤ በጽሑፍ ብዙም ያልዋለ ቋንቋ ነው። የምትቀዳበት መጽሐፍ የለም። አንዱን ቃል ከትዝታዋ አውጥታ፣ ፍቺውን አስባ፣ በግዕዝ ፊደል ጽፋ ወደ ሌላው መሻገር ነው። እኛ የማኅበራችንን የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አንድ ገጽ ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደምንሰርዝ ታውቃላችሁ። በዚያ መዝገበ ቃላት እየታገዘ የአዲስ ኪዳኑ ትርጉም ተስተካከለና በ1893 እዚያው እምኩሉ ታተመ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ሥራዋ ነው። አስቴር 500 ያህል የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ከቃል ወደ ወረቀት አወረደች። አምስት መቶ! ከእኛ መካከል የሃምሳ ተረት ባለቤት የሆነች ብትኖር እጇን ታውጣ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ የእርሷና የኦኔሲሞስ ሥራ ነው፤ እርሷ ያን ጊዜ ወደ ሃያ ዓመት ሆኗታል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚታተም የንባብ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ጸሎትና ትእዛዝ ቢሆን ማንም አይገረምም ነበር። እነርሱ ግን ፊደል ለሚቆጥር ልጅ አያቱ የምታወራለትን ተረት አቀረቡለት። ፊደል ስናስተምር እንዳየነው፣ ሰው ቶሎ የሚያነበው ቀድሞ የሚያውቀውን ነው። የቃሉን መጨረሻ ሳታይ አፏ ይቀድማታል፤ ከዚያ ስቃ ተመልሳ ፊደሉን ትፈልጋለች። አስቴር ይህን ከማን እንደተማረች እንጃ፤ ምናልባት ከራሷ።

ከዚያም የሕፃናት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተተረጎመ። ባርት የሚባል ጀርመናዊ ያዘጋጀው፣ 52 ታሪክ ከብሉይ፣ 52 ከአዲስ የያዘ መጽሐፍ ነው፤ በዚህም የአስቴር እጅ አለበት። በመጨረሻ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው በኦሮምኛ በስዊዘርላንድ ታትሞ ወጣ። በፊት ገጹ ላይ ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነው። የአስቴር ስም የለም።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሰምቻለሁ። አንዳንዶች ለእግዚአብሔር የሠራ ሰው ስሙ ባይጻፍ ምን ጎደለው ይላሉ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስማቸው የተጻፈላቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ወጣት ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ ሌሊት ቁጭ ብዬ ያዘጋጀሁት ሪፖርት የሌላ ሰው ፊርማ ይዞ ወጥቷል። ብዙ ዓመት አለፈው፤ አልረሳሁትም። ስለዚህ የአስቴርን ስም መቅረት ትሕትና ብዬ ላሳምረው አልፈልግም፤ ቅር ይለኛል። ስለ ሥራዋ የጻፉ ሰዎችም ተገቢው ምስጋና እንዳልደረሳት ይናገራሉ። ግን ስሟ በቀረበት በ1899 እርሷ ሥራዋን አላቆመችም፤ ወደ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ የቀራት ከሠራችው ይበልጥ ነበር።

በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች የእምኩሉ ሰዎች ወደ ወለጋ ተነሡ። ከኤርትራ እስከ ነቀምቴ ያለውን መንገድ ዛሬ በመኪና የሄዳችሁበት እንኳ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። ያኔ ጭነቱ በአጋሰስ ነው። መጽሐፉ ከታተመ አምስት ዓመት፣ ስዊድናውያኑ ምጽዋ ከደረሱ 38 ዓመት አልፎ ነበር። አስቴር በልጅነቷ በነጋዴ ተነድታ ወደ ባሕር ከወረደች በኋላ፣ አሁን በሠላሳ ዓመቷ ገደማ መጽሐፍ አስጭና ወደ ምዕራብ ተመለሰች። ነቀምቴ ላይ ገዢው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በደኅና ተቀበሏቸው።

ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው፤ መምህር ሆነዋልና።

በነቀምቴ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ መምህርት አስቴርም ማስተማር ያዙ። ጊዜው ቀላል አልነበረም። በኦሮምኛ መስበኩ ያልጣማቸው የአካባቢው ካህናት ኦኔሲሞስን ከሰሱት፤ በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ ግዞት ተፈረደበት። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ ስብከት ግን ተከለከለ። የቀረለት ማስተማር ብቻ ነበር። ስብከቱ የተፈቀደው ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ላይ ሳሉ በ1916 ነው። እንግዲህ ቁጠሩ፤ አሥር ዓመት ያ ሥራ ሁሉ የተሸከመው በትምህርት ቤቱ ላይ ነው። ፊደል በሚያስቆጥሩት፣ ልጆቹን በሚያስነብቡት ላይ። የማያጠግብ የሚመስለው ሥራ ቤቱን አቆመው።

ልጆቹ የሚያነቡት ደግሞ ያንኑ የ1894 መጽሐፍ ዓይነት ነገር መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል። እምኩሉ ላይ የተጻፈው ተረት ወደ ተሰማበት አገር ተመለሰ።

ኦኔሲሞስ በ1931 አረፈ። መምህርት አስቴር ከእርሱ በኋላ 33 ዓመት ኖሩ። የጣሊያን ወረራ መጣ፣ አለፈ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1959 በአገር ደረጃ ስትመሠረት እርሳቸው በሕይወት ነበሩ፤ በምዕራቡ ያሉት የእርሷ ማኅበረ ምእመናን የሚያነቡት መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉ ከእርሳቸው ትዝታ የተለቀመ ነበር። በ1964 አረፉ። ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር፤ ወደ ወለጋ ከተመለሱ 60 ዓመት።

ይህን ታሪክ ስብሰባ ላይ ለተናገሩት እናታችን ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ አጫወትኳቸው። ቡና እየቆሉ ሰሙኝ። ሲጨርሱ ዝም ብለው ቆዩና አንድ የወፍጮ ዘፈን አዜሙልኝ፤ ሁለተኛውን ስንኝ ረስተውት ተቸገሩ፤ ከጓዳ የነበረችው የልጅ ልጃቸው ቀጠለችላቸው። ደብተር አልያዝኩም ነበርና በስልኬ ቀዳሁት።

የፊደል ትምህርቱ ጉዳይ በመጪው ቅዳሜ ድምፅ ይሰጥበታል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ እንዳትቀሩ።