ዳግማዊ ምኒልክ በስድስት መቶ ቃላት

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ከተመረቅህ ወዲህ የገጠመህን አንድ ነገር ጻፍልን ሲሉኝ ስለ ደመወዝና ስለ ኮንዶሚኒየም የሚጽፍ ሌላ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ እኔ ስላስቸገረኝ አንድ ገጽ ላውራችሁ ብዬ ተነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን ኢንሳይክሎፒዲያ የሚያዘጋጁ ሰዎች መኪናን ወደ አገራችን ስላስገባው ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ጠየቁኝ። የመካኒካል ምሩቅ ነኝ፣ አውቶሞቲቭ አስተምራለሁ፣ ያደግሁት ደግሞ ሐርቡ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ሥራው ለእኔ ብሎ የመጣ መሰለኝ። ሰውየው ዳግማዊ ምኒልክ፣ ልኩ ስድስት መቶ ቃል፣ ጊዜው ሁለት ወር። አንድ ቅዳሜ ይበቃኛል ብዬ ተቀበልኩ።

የመጀመሪያውን ረቂቅ በእርግጥም በአንድ ቅዳሜ ጨረስኩት። ሲነበብ ያስቃል፣ ያስደንቃል። ንጉሡ ከአሜሪካ በኤሌክትሪክ የሚገድል ወንበር አስመጥተው፣ አገሩ ላይ መብራት ባለመኖሩ ዙፋን አደረጉት የሚለውን ወሬም አስገብቼበታለሁ። ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ለማነቃቃት ስናገረው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን የአንድ ተማሪዬን ጽሑፍ ሳርም ወንበሩን እዚያው አገኘሁት። ምንጩ ማን ነው ብዬ ስጠይቀው እኔኑ ጠቀሰኝ! ያን ቀን አፈርኩ። ወሬውን ወደ ኋላ ተከትዬ ስሄድ ንጉሡ ካረፉ በኋላ በውጭ አገር መጻሕፍት አንዱ ከሌላው እየቀዳ ያሰራጨው ሆኖ አገኘሁት። በዘመኑ ቤተ መንግሥት ይገቡና ይወጡ የነበሩት ሐኪሞች፣ መልእክተኞችና ነጋዴዎች ስንቱን ነገር ሲጽፉ እንዲህ ያለው ጉድ አያመልጣቸውም ነበር። ወንበሩን ሰረዝኩት።

ቀጥሎ የሰረዝኩት በአፍሪካ የመጀመሪያው የሚለውን ሐረግ ነው። እኛ ምኒልክን ስንወድ የመጀመሪያ ማድረግ እንወዳለን። ነገር ግን ፕሪቶሪያ ላይ የቤንዝ መኪና በፕሬዚዳንት ክሩገር ፊት የታየው በ1889 ዓ.ም. ነው። የምኒልክ መኪና የመጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። አሥራ አንድ ዓመት ልዩነት በፍቅር አይሞላም።

እንግዲህ የቀረው እውነተኛው መኪና ነው። ቢድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን መኪና ይዞ ከአገሩ ተነሣና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አርኖልድ ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊ ደግሞ ናኬ የተሰኘውን መኪና ይዞ በዚያው ሰሞን መጣ። ከሁለቱም በፊት ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስገብቶ ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። ታዲያ መኪናውን ያስገባው ማን ነው? የነዳው ቤንትሊ ነው? የተቀበሉት ምኒልክ ናቸው? ወይስ ጎማው አሸዋ በያዘው ቁጥር የገፉት፣ ገደል በመጣ ቁጥር በገመድ የጎተቱት አገሬዎች ናቸው? የቤንትሊ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1913 ክሊፎርድ ሃሌ በጻፈው መጽሐፍ ታትሟል። የገፉት ሰዎች ግን የራሳቸው መጽሐፍ የላቸውም። በስድስት መቶ ቃል ውስጥ ለእነሱ አንድ ዓረፍተ ነገር መደብኩ።

ይኼ ሁሉ ጭንቀት ለአንድ ገጽ ምን ያደርጋል የሚለኝ ካለ የሲግፍሪድ ማርኩስን ነገር ላስታውሰው። ማርኩስ ቪየና ላይ የኖረ አይሁዳዊ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1870 በቤንዚን ሞተር የሚገፋ ጋሪ ሠርቷል። ለብዙ ዓመታት በኦስትሪያ የመኪና ፈጣሪ ተብሎ ሲጻፍለት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1940 የናዚ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ለትልልቆቹ የጀርመን ኢንሳይክሎፒዲያዎች ትእዛዝ አስተላልፎ ስሙ እንዲወጣና ዳይምለርና ቤንዝ ብቻ እንዲገቡ አደረገ። ከቪየና ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የቆመው ሐውልቱም ተነሣ። ከጦርነቱ በኋላ ሐውልቱ ተመለሰ። አስገራሚው ነገር ወዳጆቹም አጋነውለት ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1875 ነው ሲባል የኖረው ሁለተኛው መኪናው ሲመረመር በ1880ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ጠላት ሰውን በመሰረዝ ይበድለዋል፣ ወዳጅ ደግሞ ቀኑን ወደ ኋላ በመጎተት። ሁለቱም የሚፈጸሙት እንደ እኔ ያለ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሁለተኛው ረቂቅ ንጹሕ ሆነ። ግን ደረቀ። የትውልድ ቀን፣ የንግሥ ቀን፣ መኪና፣ ሞት። ይዤው ሐርቡ ሄድኩ። አጎቴ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። በኤንትሬ አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ እስከ ባሕሩ ያለውን መታጠፊያ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከምሳ በኋላ ቡና እየተፈላ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ከጨረስኩ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ያ ልጅ ከመቅደላ ሲያመልጥ በማን አገር አልፎ ነው የዳነው? ብለው ነው የጠየቁኝ። ለካ ወሎን ጨርሶ አላነሣሁትም።

ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ሣህለ ማርያም ተብለው ተወለዱ። አያታቸው የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አባታቸው ኃይለ መለኮት ሞቱ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅም ተማረከ። አሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ እጅ ሲኖሩ ከእስረኛ ይልቅ እንደ ቤተኛ ነበሩ፤ ንጉሡ ልጃቸውን አልጣሽን ድረውላቸዋል። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ሌሊት ከመቅደላ ወርደው ጠፉ፤ የገቡትም በወሎዋ ገዥ በወርቂት አገር ነው። የወርቂት ልጅ ኢማም አመዴ በዚያን ጊዜ መቅደላ ላይ የቴዎድሮስ እስረኛ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ታሪክ አለ። አጎቴ የሚያውቁት ወርቂት እንግዳዬን አልሰጥም ብለው አሳልፈው ስለላኩ ልጃቸው ተገደለ የሚለውን ነው። ሌላው አነጋገር ደግሞ ወርቂት ሸሹን በልጃቸው ለመለወጥ አስበው ሳለ ቴዎድሮስ በንዴት ቀድመው ልጁን ስለገደሉባቸው ምኒልክን ለቀቋቸው ይላል። የመጀመሪያው ለእኛ ለወሎዎች ደስ ይለናል፣ የእንግዳ አክባሪነታችን ምስክር ነው። ሁለተኛው የአንዲት እናት ጭንቀት ነው፣ እውነት ቢሆንም የሚያሳፍር አይደለም። ለአጎቴ ስል የመጀመሪያውን ብቻ ልጽፍ ዳድቶኝ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱም የሚስማሙበትን ጻፍኩ፤ ምኒልክ በወርቂት አገር አልፈው ሸዋ ገቡ፣ ወርቂት አሳልፈው አልሰጧቸውም፣ ልጃቸው መቅደላ ላይ ተገደለ። አጎቴ ትንሽ ቅር አላቸው። እኔንም።

አንዴ ወሎ ከገባ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። በ1870 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ በዐፄ ዮሐንስ መሪነት የሃይማኖት ጉባኤ ሲደረግ ምኒልክ እዚያው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ ተብሎ ተገደደ፤ ኢማም መሐመድ አሊም ሚካኤል ተብለው በኋላ የምኒልክ አማች፣ የልጅ ኢያሱ አባት ሆኑ። ከእኛ ሰፈር ያን ጊዜ ተሰዶ የሄደ ዘመድ የማይቆጥር ቤተሰብ ብዙ አይደለም። የውጫሌም ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ወሎ ላይ ነው። ለአድዋ የተጠራው ጦር በ1888 ዓ.ም. ከተሰባሰበባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ወረይሉ ነው። ለድሉ ስንኮራ ለቦሩ ሜዳ ዝም ማለት አይሆንልኝም። በደቡብ በጦር የሰፋው ግዛትም እንዲሁ ነው፤ በዚያ በኩል የሚያነበው ተማሪ የራሱን አያት ታሪክ ሳያገኝ ገጹን መገልበጥ የለበትም።

ረቂቁን ስልክ አርታዒው እንደገመትኩት ደወለልኝ። መኪና ያልኩህ የት ሄደ? ወርቂትና ቦሩ ሜዳ ከሞተር ጋር ምን አገናኛቸው? የሚል ነበር ነገሩ። ልክ ነው፤ ለአፍታ መልስ አጣሁ። ኋላ ግን እንዲህ ብዬ አስረዳሁት። ምኒልክ መኪና አልፈለሰፉም፣ አላመረቱምም። በዚህ ገጽ የገቡት ለአዲስ ነገር በር ስለከፈቱ ነው። ቤተ መንግሥት ድረስ ውኃ በቧንቧ አስገቡ፣ ስልክ አስዘረጉ፣ ባቡሩን ፈቀዱ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ደስ አላቸው፣ አዲስ አበባ ሲገባ ግን በሕይወት አልነበሩም። መኪናው በመጣበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ መልሱ የሲድሊው የፈረስ ጉልበት ውስጥ የለም። በሰው ቤት ያደገ ምርኮኛ፣ በሰው አገር አልፎ የዳነ ስደተኛ፣ ኋላም ሌላውን ያስገደደ ንጉሥ መሆናቸው ውስጥ ነው ያለው። አርታዒው ሦስቱንም ከፈለግህ የሞተሩን ዝርዝር አውጣ አለኝ። አወጣሁት። ለአንድ የመካኒካል ምሩቅ ይህ ቀላል አይደለም፣ መምህሮቼ ይቅር በሉኝ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት አጭር ናቸው። መኪናው ከገባ ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ ክፉኛ ታመሙ፤ አካላቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ግን ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ አልታወጀም። በበሽታቸው ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ እየቀደዱ ይበሉ ነበር የሚል ወሬ አለ፤ እሱን ከወንበሩ ጋር ጣልኩት።

ከገጹ ውጭ የቀረ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። መኪናው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በሐርቡ ደጃፍ የሚያልፈው መንገድ በደንብ የተሠራው ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ከአዲስ አበባ በጣርማ በር ዋሻ በደሴ አድርጎ አሥመራ የሚደርሰው ማለቴ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የመጀመሪያዎቹ የወሎ ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ የጋራዥ መካኒኮችና ጎሚስታዎች እነማን እንደነበሩ የሚነግረን ገጽ የለም። አጎቴ የአንዳንዶቹን ስምና የመኪናቸውን ሰሌዳ ሳይቀር ያስታውሳሉ። ባለፈው ወር ደብተር ገዝቼ ወሰድኩላቸውና መጻፍ ጀምረናል፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የተጠራጠሩትን በእርሳስ እናሰምርበታለን። ከእናንተም መካከል አባቱ ወይም አያቱ በዚያ መስመር የነዳ ካለ፣ ሰውየው ቡና እየጠጣ ሳለ ደብተር ይዞ ይቀመጥ። ለሚቀጥለው መጽሔት ብናመጣው ቦታ አይጠፋለትም።