ዶሚኒክ ዣን ላሬ፦ ሕክምናን ወደ ቁስለኛው ያቀረበ ሐኪም

በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው የሚሞተው ወይም የሚድነው በቁስሉ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ከወደቀበት ተነሥቶ ከሐኪም እጅ እስኪገባ ድረስ በሚያልፈው ሰዓትም ጭምር ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ይህን እውነት ተረድተው በሥራ ላይ ካዋሉት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ ነው።

ላሬ እ.ኤ.አ. በ1766 በፒሬኔ ተራሮች ውስጥ በምትገኘው በቦዴያን መንደር ተወለደ። አባቱን ገና በልጅነቱ ስላጣ በቱሉዝ ከተማ የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበረው አጎቱ አሳድጎ ሙያውን አስተማረው። ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄዶ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ከዴሶ ዘንድ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1792 ከራይን ጦር ጋር ዘመተ።

በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ የሕክምናው ጓዝ ከውጊያው መሥመር አንድ ሊግ፣ ማለትም 4 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ ኋላ ርቆ ይቆም ነበር። ቁስለኞች የሚሰበሰቡት ውጊያው ካበቃ በኋላ ሲሆን ከባዶቹ ጋሪዎች እስኪደርሱ ድረስ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ያልፍ ነበር። በዚህ መካከል ብዙዎቹ ደማቸው ፈስሶ ያልቃሉ። ላሬ በፈረስ የሚሳቡ ቀላል መድፎች ከቦታ ወደ ቦታ በፍጥነት ሲዘዋወሩ ተመለከተ፤ መድፍ በዚህ ፍጥነት መሄድ ከቻለ ቁስለኛ የሚያነሣ ሰረገላ የማይችልበት ምክንያት እንደሌለ ተገነዘበ። በራሪ አምቡላንስ የተባለው አገልግሎት የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው።

አገልግሎቱ በ1797 በኢጣልያ ዘመቻ የተሟላ መልክ ሲያገኝ ወደ 340 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩት። በሦስት ክፍል የተደራጀ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል 12 ቀላልና 4 ከባድ ሰረገላዎች ይዟል። ቀላሉ ሰረገላ ባለ ሁለት መንኰራኵር ሆኖ በሁለት ፈረሶች ይሳባል፤ ሁለት ቁስለኞች እግራቸውን ዘርግተው ይተኙበታል። ከባዱ ባለ አራት መንኰራኵር ሲሆን አራት ሰው ይይዛል። መንገዱ ቁስለኛውን እንዳያናውጠው የሰረገላው አካል በሞላ ላይ ያረፈ ነበር። ወለሉ በአራት ትንንሽ ተንከባላዮች ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ በጎንና በጎኑ ካሉት የብረት እጀታዎች የወታደሮች መቀነት ሲገባበት ራሱ ወለሉ ቃሬዛ ይሆናል። ቁስለኛው አንድ ጊዜ ከተነሣ ዳግመኛ እንዳይነካካ በማሰብ የተሠራ ነበር። በ1798 ላሬ ወደ ግብፅ ሲዘምት ሰረገላ በአሸዋ ላይ እንደማይሄድ ስላወቀ፣ ቁስለኞች የሚተኙባቸውን ቅርጫቶች በግመል ጀርባ ግራና ቀኝ አስጫነ።

ይሁን እንጂ ሰረገላው ብቻውን በቂ አልነበረም። ብዙ ቁስለኞች በአንድ ጊዜ ሲመጡ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል። የላሬ መልስ ቁርጥ ያለ ነበር፤ በብርቱ የተጎዳው ይቀድማል፤ መኰንን ይሁን ተራ ወታደር፣ ወገን ይሁን ጠላት ልዩነት የለውም። ማዕረግ ሁሉን በሚወስንበት ሠራዊት ውስጥ ይህን ደንብ ማስከበር ቀላል አልነበረም።

በዘመኑ ማደንዘዣ አልነበረም፤ ቁስል ለምን እንደሚመረቅዝም አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ላሬ የተሰባበረ እጅና እግር ሳይውል ሳያድር መቈረጥ እንዳለበት ያምን ነበር። በ1812 በቦሮዲኖ ጦርነት በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ያህል ሰዎችን ቀዶ ቈርጧል። በዚያው ዓመት ሠራዊቱ ከሩሲያ ሲሸሽ፣ በበረዚና ወንዝ ድልድይ ላይ የተጨናነቁት ወታደሮች ላሬ መሆኑን ሲያውቁ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ አሻገሩት።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው በ1813 ነው። ከሉትሰንና ከባውትሰን ጦርነቶች በኋላ እጃቸውና ጣታቸው የቈሰለ አዲስ ምልምሎች በብዛት ታዩ። ከውጊያ ለመሸሽ ራሳቸውን አቁስለዋል ተብለው ተከሰሱ፤ የሚጠብቃቸውም ሞት ነበር። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የታዘዙትን ሐኪሞች የመራው ላሬ፣ ከ2000 በላይ ወጣቶች አንድ በአንድ እንዲመረመሩ አደረገ። በሦስት ረድፍ የተሰለፉት ልምድ የሌላቸው ወታደሮች ሲተኩሱ የኋለኞቹ የፊተኞቹን እጅ እንደሚያቆስሉ አስረድቶ፣ በአንዳቸውም ላይ ጥፋት እንዳልተገኘ ለናፖሊዮን አሳወቀ። ንጉሠ ነገሥቱ የጠበቀው ይህን አልነበረም፤ ግን እውነቱን ተቀብሎ ላሬን ሸለመው።

በ1815 በዋተርሉ ላሬ ቈስሎ በፕሩሲያ ወታደሮች እጅ ወደቀ። ሊረሸን ሲል በርሊን ላይ የሰጠውን ትምህርት ተከታትሎ የነበረ ሐኪም ስላወቀው ከሞት ተረፈ። ናፖሊዮንም በኑዛዜው 100,000 ፍራንክ ተወለት። ላሬ በ1842 አልጄሪያ የሚገኙትን የጦር ሆስፒታሎች ጐብኝቶ ሲመለስ በሊዮን ከተማ ዐረፈ።

ዛሬ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል ቁስለኛን ተቀብላ ትሪያጅ የምትሠራ ነርስ የምትከተለው ያንኑ ሥርዐት ነው። አስቀድማ የምትመለከተው መተንፈሻውንና የሚፈሰውን ደም እንጂ የተጎጂውን ማንነት አይደለም። በአደጋ የተጎዳች ነፍሰ ጡር ስትመጣ እርግዝናዋ የገፋ ከሆነ፣ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫን አከርካሪዋን ሳታናውጥ ወደ ግራ ጐኗ ታጋድላታለች፤ ፅንሱን ለማዳን የሚቀድመው እናቲቱን ማዳን ነውና። ሰውነቱ እጅግ ለከበደ ተጎጂም ክብደቱን የሚችል አልጋና የሚያነሡት በቂ ሰዎች አስቀድመው መዘጋጀት አለባቸው። ላሬ ለአሸዋው ግመል፣ ለሜዳው ሰረገላ ሲያዘጋጅ ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ መሣሪያው ለተጎጂው እንዲስማማ እንጂ ተጎጂው ለመሣሪያው እንዲስማማ አልጠበቀም።