57 ጊዜ ተወዳድሮ 52 ጊዜ አንደኛ፦ የጀልባ ሠሪው ኡፋ ፎክስ

57 ጊዜ ተወዳደረ። 52 ጊዜ አንደኛ፣ 2 ጊዜ ሁለተኛ፣ 3 ጊዜ ሦስተኛ ወጣ። ከሦስተኛ በታች የወጣበት አንድም ቀን የለም።

የፈረስ ወይም የመኪና ውድድር እንዳይመስላችሁ። በ1928 የውድድር ወቅት አንዲት ከአራት ሜትር ትንሽ የምትበልጥ የእንጨት ጀልባ ያስመዘገበችው ውጤት ነው። ሞተር የላትም። የሚነዳት ሸራዋን የሚሞላው ነፋስ ብቻ ነው። ስሟ አቬንጀር ነው፤ ተበቃይ እንደማለት። ንድፏን ያወጣው፣ የሠራትና ይዟት የተወዳደረው ኡፋ ፎክስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ አገር ጀልባ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን የጣና ታንኳ ነው። ስለዚህ ለብዙዎቻችን እንግዳ የሆነውን ነገር እያፍታታሁ እሄዳለሁ፤ ታገሱኝ።

ኡፋ የተወለደው ጃንዋሪ 15 ቀን 1898 ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ፊት ለፊት ባለችው በዋይት ደሴት፣ ካውስ በምትባል ከተማ ነው። ስሙ ለራሳቸው ለእንግሊዞቹም ግራ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ከነበረ የምሥራቅ አንግሊያ ንጉሥ ስም የተወሰደ ነው። ካውስ የጀልባ ውድድር ከተማ ናት፤ ግን በአንድ ውሃ ላይ ሁለት ዓለም ነበረባት። በአንድ በኩል ከ1815 ጀምሮ ያለው ሮያል ያት ስኳድሮን የሚባለው የመኳንንት ክለብ አለ። ትልልቅ ጀልባዎች፣ ቅጥር ባሕረኞች፣ ንጉሡም ራሱ የሚገኝበት ድግስ። በሌላ በኩል አናጢውና ባለሱቁ ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ከሰዓት ትንንሽ ጀልባቸውን ወደ ውሃ ገፍተው የሚፎካከሩባቸው የሠፈር ክለቦች አሉ። ኡፋ ከዚህኛው ወገን ነው።

ዩኒቨርሲቲ የሚባል ደጃፍ አልረገጠም። በልጅነቱ የሳሙኤል ሳውንደርስ ጀልባ ፋብሪካ ገብቶ ሰባት ዓመት በለማጅነት ሠራ። የሰውየው ዕጣ እዚያ ነው የተቆረጠው ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ሳውንደርስ ዝም ብሎ ጀልባ የሚሠራ ፋብሪካ አልነበረም። በ1912 እና በ1913 የሃርምስዎርዝን ዋንጫ የወሰደችው ሜፕል ሊፍ 4 የምትባል ባለሞተር ጀልባ እዚያ ነው የተሠራችው። ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችም ይሠሩበት ነበር። ልጁ ያየው አንድ ነገር ነው፦ ፈጣን ጀልባ ውሃውን እየሰነጠቀች አትሄድም፤ ብድግ ብላ በላዩ ላይ ትንሸራተታለች።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፤ የታሪኩ ቁልፍ ይሄ ነው። ተራ ጀልባ ስትሄድ ከፊቷ አንድ፣ ከኋላዋ አንድ ማዕበል ትሠራለች። ፍጥነት ስትጨምር በሁለቱ ማዕበሎች መሀል ያለው ርቀት እየሰፋ ሄዶ ከርዝመቷ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ራሷ በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀረቀረች ትቀራለች። ነፋሱ ቢበረታም እምብዛም አትጨምርም። እንደ አቬንጀር አራት ሜትር ከምናምን ለሆነች ጀልባ ይሄ ጣሪያ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሶምሶማ ሩጫ ያህል ነው። ሞተር ያላት በጉልበቷ ጉድጓዱን ጥሳ ትወጣለች። ሸራ ብቻ ያላትስ?

ኡፋ መልሱን የጀልባዋ ቅርፅ ላይ ፈለገ። ፊቷን ሹልና ጥልቅ፣ ኋላዋን ደግሞ ሰፊና ዝርግ አደረገው። ብርቱ ነፋስ ሲመጣ ዝርጉ ኋላ ውሃውን ተጭኖ ጀልባዋን ወደ ላይ ያነሳታል። ቅርፁ ብቻውን ግን አይበቃም። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ጀልባው በነፋስ ወደ ጎን ሲያዘነብል እንደ ተፈጥሮ ነገር ያየው ነበር። እሱ ግን ጀልባዋ ቀጥ ብላ መሄድ አለባት ባይ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች እግራቸውን ውስጥ አጠላልፈው ገላቸውን ከጀልባው ውጭ፣ ውሃው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሆድና ጭን እስኪንቀጠቀጥ።

አንዳንድ ቦታ በሸራ ውሃ ላይ መንሸራተትን እሱ ፈለሰፈው ተብሎ ይጻፋል። ልክ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዝርግ የሸራ ጀልባዎች ከእሱ በፊት ይንሸራተቱ ነበር። የእሱ ሥራ ነገሩን ወደ ትንሿ የውድድር ጀልባ ማምጣቱ፣ ከዚያም ውጤቱን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ማስመስከሩ ነው።

ማስመስከሪያው ደግሞ ያው የክለብ ውድድር ነበር። ውድድሩ እንዲህ ነው። መድፍ ሲተኮስ ሁሉም ከአንድ የማይታይ መስመር ላይ ይነሳል። ቆሞ መጠበቅ የለም፤ ጀልባ አይቆምምና። መድፉ እስኪተኮስ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ በሰከንድ እየቆጠሩ መጠጋት ነው። መጀመሪያ ነፋሱ ወደሚመጣበት ይኬዳል። ፊት ለፊት ግን አይቻልም፤ በዚግዛግ ነው። ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋሱን በቀኝ ጎኑ የያዘው ቅድሚያ አለው። ምልክቱን ዞረው ሲመለሱ ነው የኡፋ ጀልባ ብድግ የምትለው። የአንድ ቀን ድል ደግሞ ዋጋው ትንሽ ነው፤ በክለብ ተከታታይ ውድድር ውጤቱ እየተደመረ ነው የሚሄደው። ዝናብ ቢሆን፣ ነፋስ ቢጠፋ፣ ራስ ምታት ቢኖር መቅረብ ግድ ነው። እንግዲህ የ52ቱን አንደኝነት ክብደት በዚህ አስቡት። ትልቁ ድል በዚያው ዓመት ያገኘው የዌልስ ልዑል ዋንጫ ነው።

በዚያው ሰሞን ጀልባዋ ከሠፈር ውሃ ውጭ አትሠራም እንዳይባል ይሁን ወይም ዝም ብሎ ወፈፍ አድርጎት፣ ኡፋ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ በዚችው ክፍት ጀልባ የእንግሊዝን መተላለፊያ ባሕር አቋርጦ ፈረንሳይ ለአቭር ገባ። መቶ ማይል ገደማ ነው። እዚያ ተወዳደረ፤ ከዚያ በመጣበት ተመለሰ።

ወፈፍ አድርጎት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት የባሕር ስካውት አለቃ ሳለ ልጆቹን ለሁለት ሳምንት የጠረፍ ጉዞ ይዞ ወጣ። ወላጆች ልጆቻቸው በአቅራቢያ ያሉ መስሏቸዋል። እሱ ግን ባሕሩን አሻግሮ በሴይን ወንዝ ሽቅብ ወደ ፓሪስ እየወሰዳቸው ነበር! ሲመለስ ከአለቅነቱ ተነሳ። ልጆቹ ዕድሜ ልካቸውን ሳያወሩት የሚቀሩ አይመስለኝም፤ የወላጆቹን ቁጣ ግን አልፈርድበትም። መኖሪያውና ወርክሾፑ ደግሞ ከአገልግሎት ውጭ የሆነ አሮጌ የወንዝ መሻገሪያ ነበር። በሰንሰለት እየተጎተተ መኪናና ሰው ያሻግር የነበረውን ገዝቶ፣ ከላይ እየኖረ ከታች ጀልባ ይሠራበታል። ገንዘብ አያያዝ ላይ ደካማ ነበር፤ ሦስት ጊዜም አግብቷል።

አንድ ነገር ግን ያስደንቀኛል። ሚስጥሩን አልቀበረም። ከ1934 እስከ 1938 ባሉት ዓመታት አምስት ወፋፍራም መጻሕፍት አሳተመ፤ በውስጣቸው የራሱንም የሌሎችንም ጀልባዎች ንድፍ ከነልኩ አወጣ። ያሸነፈበትን ቅርፅ ተፎካካሪው መጽሐፍ ገዝቶ ማየት ይችል ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ተመትተው ሰሜን ባሕር ላይ ይወድቃሉ፤ ከውድቀቱ የተረፉት አብራሪዎች በጎማ ጀልባ ላይ ብርድ ይገድላቸዋል። አዳኝ መርከብ ሁሌ በጊዜ አይደርስም። ኡፋ ከአውሮፕላን ሆድ ሥር ታስሮ በፓራሹት የሚወርድ የእንጨት ጀልባ ንድፍ ይዞ ቀረበ። ሐሳቡ የእሱ ብቻ አልነበረም፤ በአየር ኃይሉ ውስጥም ስለዚሁ የሚጨነቁ መኮንኖች ነበሩ። ጀልባውን የሚሠራ ጠፍቶ ነው እንጂ።

770 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነው ጀልባ ሃድሰን ከሚባለው አውሮፕላን፣ ከ210 ሜትር ከፍታ፣ በስድስት ፓራሹት ይለቀቃል። ቢገለበጥ ራሱን ያቃናል። ውስጡ ምግብ፣ ሞተር፣ ምሰሶና ሸራ አለው። አንድ ትንሽ መጽሐፍም አለ፦ በሕይወቱ ሸራ ይዞ የማያውቅ አብራሪ እንዴት ነፋስ ይዞ ወደ አገሩ እንደሚመለስ የሚያስተምር። ቅዳሜ ከሰዓት በክለብ የሚለመደው ነገር ሰው ሊሞት ሲል በጥቂት ገጽ ተጽፎ ከሰማይ ወረደ ማለት ነው። በሜይ 1943 ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። የአንድ ሃሊፋክስ ቦምብ ጣይ ሠራተኞች ሰሜን ባሕር ላይ ጀልባው ወረደላቸው፤ ተርፈው ገቡ።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። ፌሪ የሚባለው አውሮፕላን ሠሪ ስስ እንጨት በሙጫ ደራርቦ በሙቀት የማጣበቅ ሙያውን ወደ ጀልባ አዞረው። ኡፋ የነደፋት ፋየርፍላይ ከፋብሪካው አንድ ዓይነት ሆና በብዛት ወጣች። በ1948ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ለነጠላ ተወዳዳሪ የተመረጠችው እሷ ናት። በመጀመሪያው ውድድር አቋርጦ የወጣ አንድ የ20 ዓመት ዴንማርካዊ በመጨረሻ ወርቁን ወሰደ። ፖል ኤልቭስትሮም ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ወርቅ ጨመረ።

በ1947 የነደፋት ፍላይንግ ፊፍቲን ደግሞ ኡፋን ቤተ መንግሥት አስገባችው። የካውስ ሰዎች አንዷን ለኤልሳቤጥና ለፊሊፕ የሠርግ ስጦታ ሰጡ። ፊሊፕ ማለት በ1965 ከንግሥቲቱ ጋር አዲስ አበባ የመጣው ልዑል ነው። በካውስ ሳምንት ከኡፋ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ሆነው ይወዳደሩ ጀመር። ያኔ የስኳድሮኑ መኳንንት የልዑሉን ጀልባ በመነጽር ሲከታተሉ ከጎኑ የሚያዩት የደሴቱን ጀልባ ሠሪ ነበር።

በሰባ ዓመቱ ገደማም እርሳሱን አላስቀመጠም። ጆን ፌርፋክስ አትላንቲክን ብቻውን ቀዝፎ ለማቋረጥ ሲነሳ ብሪታኒያ የተባለች ጀልባውን የነደፈለት ኡፋ ነው። ብትገለበጥ ራሷን ታቃናለች፤ ያቺ ከሰማይ የምትወርደው ጀልባ ዘመድ ናት። ፌርፋክስ ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ ከ180 ቀን በኋላ፣ ጁላይ 19 ቀን 1969 ፍሎሪዳ ደረሰ። በማግስቱ ሰው ጨረቃ ላይ አረፈ፤ የቀዛፊው ዜናም ከሥሩ ተቀበረ።

ኡፋ ፎክስ ኦክቶበር 26 ቀን 1972 በ74 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው እዚያው ደሴቱ ላይ፣ ዊፒንግሃም በሚባል መንደር ነው። ፋየርፍላይና ፍላይንግ ፊፍቲን ግን ዛሬም በየክለቡ ይወዳደራሉ።